የኦዲት ሪፖርት ስለ ሰፈራችን ውሃና መንገድ ምን ይነግረናል?

በየዓመቱ የኦዲት ሪፖርት ለምክር ቤት ሲቀርብ ዜናው ይመሳሰላል። ይህን ያህል ሚሊዮን ብር አልተወራረደም። ይህን ያህል ያለ ማስረጃ ተከፍሏል። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ያነበዋል፣ አንዱ ተሳፋሪ "በሉት በለኛ!" ይላል፣ ወሬው ጣፎ ሳይደርስ ያልቃል።

አዲስ አበባ ዳር ላይ፣ ጣፎ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ የለበትም። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ኮብልስቶኑ ግማሽ ላይ ቆሟል። ጤና ጣቢያው ካርድ ካወጣን በኋላ መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ይለናል። እነዚህ ሁሉ በጀት የተያዘላቸው፣ ክፍያ የተፈጸመባቸው፣ አንድ ሰው የፈረመባቸው ሥራዎች ናቸው። ይህን ተከታትሎ መመርመር ሥራው የሆነ መሥሪያ ቤት አለ፤ ዋና ኦዲተር። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ በተለይ ለእኛ ለከተማ ዳር ነዋሪዎች ይጠቅማል። ውሃም ሲያንስ፣ አውቶቡስም ሲያንስ፣ መጀመሪያ የሚጎድልበት መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነውና።

ኦዲተር መጣ ማለት ሰው ሊታሰር ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይጠብቃል። ማንም ካልታሰረ ደግሞ "ተስማምተው ነው" ይላል። የኦዲተር ሥራ ግን ከፖሊስ ሥራ የተለየ ነው።

እድርን አስቡ። ገንዘብ ያዥ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አባላት ከሦስቱ ውጪ የሆኑ ሰዎች መርጠው ሒሳቡን ያስመረምራሉ። መርማሪዎቹ መዝገቡን ከደረሰኙ፣ ደረሰኙን ከባንክ ደብተሩ ያመሳክራሉ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በቁጥር መኖሩን ዕቃ ቤት ገብተው ያያሉ። ከዚያ ያዩትን ለጠቅላላ ጉባኤው ይናገራሉ። ገንዘብ ያዡን መሻርም ሆነ መክሰስ የእነሱ ሥልጣን አይደለም፤ የጉባኤው ነው። ገንዘብ ያዡ የተመሰገነ ሰው ቢሆን እንኳ ምርመራው አይቀርም።

በመንግሥት በኩል የጠቅላላ ጉባኤውን ቦታ የያዘው ምክር ቤት ነው። በፌዴራል ደረጃ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ተጽፏል። አዲስ አበባም በቻርተሯ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የራሷ ዋና ኦዲተር አላት። ተጠሪነቱ 138 መቀመጫዎች ላሉት ለከተማው ምክር ቤት ነው። ኦዲተሩ ወንጀል የሚመስል ነገር ሲያገኝ ጉዳዩ ወደ ሕግ አካላት ይሄዳል። ምርመራው፣ ክሱና ፍርዱ ከዚያ በኋላ የሌሎች ሥራ ነው።

ስለዚህ ከኦዲተር የምንጠብቀው እስር ሳይሆን ተጽፎ የተቀመጠ፣ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ነው። ያ መልስ ከሌለ ምክር ቤቱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ እኛም የምንነሳበት ነገር አይኖረንም።

"ነጻ ኦዲተር" ሲባል ነጻ የሆነው ከማን ነው?

ከሚመረምረው አካል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኦዲት የሚባል ክፍል አለ። ክፍያው ሥርዓት ይዞ መውጣቱን፣ ዕቃው መመዝገቡን በየጊዜው ያያል። ጠቃሚ ሥራ ነው። በደንብ ሲሠራ ችግሩ ገና በትንሹ ሳለ ይያዛል። ግን የውስጥ ኦዲተሩ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ሪፖርቱን መጀመሪያ የሚያየው የበላይ ኃላፊው ነው። ኃላፊው ራሱ የፈረመበት ክፍያ ችግር ያለበት ሲሆን የውስጥ ኦዲተሩ ምን ዓይነት ጭንቅ ውስጥ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

የውጭ ኦዲተር ያስፈለገው ለዚህ ነው። ነጻነቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር ሕጉ ሁለት ነገሮችን ያስቀምጣል። አንደኛው ሹመት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል። ሁለተኛው በጀት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኦዲተሩ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የኦዲተሩን ነዳጅና የውሎ አበል የሚቆርጥ ቢሆን ኖሮ ምርመራው ወዴት እንደሚያመራ መገመት ይቻላል። የዓለም የመንግሥት ኦዲተሮችም በ1977 እ.ኤ.አ. ሊማ ላይ ተሰብስበው ያጸደቁት መግለጫ ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው።

ሕጉ ነጻነቱን ይሰጣል፤ የነጻነቱ ጥቅም የሚታየው ግን ሪፖርቱን የሚቀበለው ምክር ቤት ሲጠይቅ ነው። ይህን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኔን ሰፈር የሚመረምረው የትኛው ኦዲተር ነው?

መሀል ከተማ፣ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ፣ ይህ ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም። ዳር ላይ ግን ያምታታል።

ጣፎን እንውሰድ። መንገዱን ይዛችሁ ስትሄዱ አንዱ ጋ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ የአዲስ አበባ 11ኛው ክፍለ ከተማ። ትንሽ አለፍ ስትሉ ለገጣፎ ለገዳዲ ትደርሳላችሁ። እሱ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም እንደዚያው። አንድ ሰው እዚህ አድሮ እዚያ ይሠራል፣ ልጁን ወዲህ ያስተምራል፣ ገበያውን ወዲያ ያደርጋል። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ዓ.ም. በወሰን ላይ ከስምምነት ሲደርሱ ደግሞ የአንዳንድ ሰፈሮች አስተዳደር ተለወጠ። ነዋሪው ከቤቱ አልተነሳም፤ ቅሬታውን የሚያቀርብበት በር ግን ተቀየረ።

ይህ ለኦዲት ትልቅ ትርጉም አለው። የለሚ ኩራ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ የአዲስ አበባ ዋና ኦዲተር ጉዳይ ነው። የሸገር ከተማ ሒሳብ ደግሞ የኦሮሚያ ዋና ኦዲተር ጉዳይ ነው፤ እሱም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ ነው። መብራት የሚያስገባልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ተቋም ነው፤ በየትኛውም ወገን ብንኖር ጥያቄው ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማም የፌዴራል ዋና ኦዲተር መመርመር ይችላል።

ውሃው ደግሞ ወሰን ይሻገራል። የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች የሚገኙት ከአዲስ አበባ ወሰን ውጪ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ውሃውን አጣርቶ የሚያከፋፍለው ግን የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ግድቡ በየትኛውም ወሰን ይሁን፣ የባለሥልጣኑ ወጪና አሠራር ጥያቄ ወደ ከተማው ኦዲተርና ወደ ከተማው ምክር ቤት ነው የሚሄደው።

ሕግ የሚለው ቀላል ነው፦ ገንዘቡን የመደበው ምክር ቤት፣ የእሱ ኦዲተር ይመረምራል። ቅሬታ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንድ ጥያቄ መልሱ። የዚህን ሥራ በጀት ያጸደቀው ማን ነው? ብዙ ሰው ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተተው ይህን ሳያጣራ ስለሚነሳ ነው።

ኦዲተሩ ቢሮ ገብቶ ምን ያያል?

ጤና ጣቢያ ገባ እንበል። መድኃኒት ተገዝቷል ተብሏል። መጀመሪያ የክፍያ ሰነዱን ያወጣል። ግዥው በጨረታ ነው? በፕሮፎርማ ነው? ፕሮፎርማ ከሆነ፣ ዋጋ የሰጡት ሦስቱ ድርጅቶች በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው? ቀጥሎ ሞዴል 19ን ይጠይቃል። ዕቃው ግምጃ ቤት መግባቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ክፍያ ኖሮ ሞዴል 19 ከሌለ ጥያቄ ተነሳ ማለት ነው። ከዚያ ሞዴል 22፣ ዕቃው ከግምጃ ቤት የወጣበት። የገባው ከወጣው ሲቀነስ የቀረው መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት። ኦዲተሩ ይቆጥራል። ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ካለም ይመዘግባል።

ሁሉንም ደረሰኝ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ናሙና ይወሰዳል፤ የበለጠ ችግር ሊኖርበት ይችላል የተባለው ቦታ ቅድሚያ ያገኛል። የዓመቱ መጨረሻ ላይ የተጣደፈ ግዥ አንዱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ያልተሠራበት በጀት ዓመቱ ሲያልቅ ተመላሽ ስለሚሆን ሰኔ ላይ ችኮላ ይበዛል። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የቢሮ ዕቃ በጥድፊያ የሚገዛበት ወር ነው።

ኦዲተሩ ሲጨርስ ዝም ብሎ አይሄድም። የመውጫ ስብሰባ አለ። ያገኘውን ለኃላፊዎቹ ያሳያል፣ እነሱም ማስረጃ ካላቸው ያቀርባሉ። ጠፋ የተባለ ሰነድ እዚያ ላይ ሊገኝ ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ መልስም ከሪፖርቱ ጋር ይካተታል። ይህ ፍትሐዊ አሠራር ነው። ሪፖርት ስናነብም ግኝቱን ብቻ ሳይሆን የተሰጠውን መልስ ማንበብ አለብን።

"ጉድለት ተገኘ" ሲባል ገንዘቡ ተሰረቀ ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ዜናው ላይ በአንድ ድምር የሚጠሩት ቁጥሮች በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

የጥሬ ገንዘብ ጉድለት ሲባል ካዝናው ተቆጥሮ መኖር ከነበረበት አነሰ ማለት ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ገንዘብ ያዡ በቀጥታ ይጠየቅበታል።

ያልተወራረደ ሒሳብ ሌላ ነው። አንድ ሠራተኛ ለሥራ ጉዞ፣ አንድ ተቋራጭ ለግንባታ ቅድሚያ ክፍያ ወሰደ። ሥራው ሲያልቅ ደረሰኝና ሰነድ አቅርቦ ሒሳቡን መዝጋት ነበረበት፤ አልዘጋም። ምናልባት ሥራው በሥርዓቱ ተሠርቶ ወረቀቱ ብቻ ቀርቶ ይሆናል። ምናልባትም ገንዘቡ ለሌላ ነገር ውሎ ይሆናል። ዓመት በዘገየ ቁጥር ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ሠራተኛው ሥራ ይለቃል፣ ተቋራጩ ይጠፋል፣ ሰነዱ ይበሰብሳል። ስለዚህ "ያልተወራረደ ነው እንጂ አልተሰረቀም" የሚለው መልስ ለአንድ ዓመት ያስኬድ ይሆናል። ለአምስት ዓመት ግን አያስኬድም።

ተሰብሳቢ ሒሳብ መንግሥት ከሰው ወይም ከድርጅት መቀበል ሲገባው ያልተቀበለው ነው። ያለ ማስረጃ የተከፈለ የሚባለው ክፍያው ወጥቶ ደጋፊ ሰነዱ የሌለ ወይም ያልተሟላ ነው። ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ ደግሞ ዕቃው ተገዝቶ፣ መጥቶ፣ አገልግሎት እየሰጠም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጨረታ ሳይወጣ መገዛቱ ነው። ጨረታ ባለመውጣቱ ምን ያህል ተጨማሪ ገንዘብ እንደተከፈለ ማንም አያውቅም፤ ጉዳቱ እዚያ ላይ ነው።

ሰው ብዙም የማያስተውለው አንድ ሌላ ግኝት አለ፦ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት። ማንም አልነካውም፣ አልጠፋም። ለዳር ሰፈር ግን ከስርቆት የማይተናነስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለጤና ጣቢያው ማስፋፊያ የተያዘ ብር ሳይሠራበት ሰኔ 30 አልፎ ሲመለስ፣ እናቶች አንድ ዓመት ሙሉ በባጃጅና በታክሲ ሌላ ሰፈር ሄደው ይታከማሉ። "የበጀት እጥረት አለ" የሚል መልስ ሲሰጣችሁ ያለፈው ዓመት በጀት ስንት በመቶው እንደተሠራበት ጠይቁ። ብዙ ነገር ይገልጻል።

ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ኦዲተሩ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ አስተያየት ይሰጣል። ከአራት አንዱ ነው። አጥጋቢ ነው ይላል። ወይም ከተጠቀሱት ጉድለቶች በስተቀር አጥጋቢ ነው ይላል። ወይም ተቀባይነት የለውም ይላል። ወይም ሰነዱ ስላልተሟላ አስተያየት መስጠት አልተቻለም ይላል። የመጨረሻው ሲነበብ ለስለስ ያለ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ያልፈዋል። ትርጉሙ ግን ኦዲተሩ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ አጣ ማለት ነው።

ደረሰኙ ሁሉ ቢሟላና አገልግሎቱ ባይኖርስ?

ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

የውሃ መስመር ተዘረጋ። ጨረታው ትክክል፣ ክፍያው ትክክል፣ ቧንቧው በትክክል ተቀብሯል። ውሃ ግን አይመጣም። የሒሳብ ኦዲት ብቻ ከተደረገ ይህ ሥራ "አጥጋቢ" ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ለዚህ የመጣ ነው። የሚጠይቀው ስለ ሦስት ነገሮች ነው፦ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብቃትና ስለ ውጤታማነት። በተመጣጣኝ ዋጋ ተገዛ? በተሰጠው ገንዘብና ጊዜ መሠራት ያለበትን ያህል ተሠራ? በመጨረሻም፣ የታሰበለት ሰው ተጠቀመ?

የደረቅ ቆሻሻን ጉዳይ እናንሳ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ረጲ፣ ማለትም ቆሼ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማውን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። በእሱ ምትክ ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወራት ሳይቆይ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ።

የአደጋው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ግን የክዋኔ ኦዲት ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። አዲሱ ቦታ ከመሠራቱ በፊት የአካባቢው ሰው ተጠይቋል ወይ? የተፈናቀለው ሰው ካሳ በቂ ነበር ወይ? አዲሱ ቢዘጋ ምን ይደረጋል የሚል ዕቅድ ነበር ወይ? አሮጌው ጋ ያሉ ነዋሪዎች አደጋ ላይ መሆናቸውን ማን ይከታተል ነበር? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም በደረሰኝ አይመለስም። ሁሉም ግን የሕዝብ ገንዘብ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሰው ነፍስም አለባቸው።

ስለዚህ የኦዲት ሪፖርት ስትሰሙ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። "የሒሳብ ኦዲቱ ንጹህ ነው" ማለት ሥራው ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ነዋሪው ያዋጣው ገንዘብስ?

ዳር ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ አዋጥቶ ያውቃል። ለኮብልስቶን፣ ለትራንስፎርመር፣ ለመብራት ምሰሶ፣ ለፍሳሽ ቱቦ፣ ለጥበቃ። አዲስ ሰፈር መሠረተ ልማት ሳይደርሰው ሰው ይገባል፤ ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ በየቤቱ ይዞራል። ይህ ገንዘብ ሲደመር ትንሽ አይደለም።

ኦዲተሩ ያየዋል? የሚወስነው ገንዘቡ በምን እንደተሰበሰበ ነው። በመንግሥት ደረሰኝ ተሰብስቦ በመሥሪያ ቤቱ የባንክ ሒሳብ ከገባ የመንግሥት ሒሳብ አካል ነው፤ ለምርመራ ይቀርባል። በኮሚቴው ደብተር ላይ ስም ተጽፎ፣ በአንድ ሰው ወይም በሁለት ሰው ስም ባንክ ከገባ ግን የመንግሥት ኦዲተር መዝገብ ላይ የለም። ኦዲተሩ ወረዳውን መርምሮ "ምንም ችግር የለም" ቢል እንኳ ያንን ገንዘብ አላየውም።

ኮሚቴዎቹ በአብዛኛው ጊዜያቸውን ሠውተው የሚሠሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እነሱንም ከሐሜት የሚጠብቃቸው ምርመራ ነው። ስለዚህ ስታዋጡ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙ የማን እንደሆነ እዩ፦ የወረዳው ነው ወይስ የኮሚቴው? የኮሚቴው ከሆነ ሒሳቡን የሚመረምሩ ሰዎች ከኮሚቴው ውጪ ገና ከመጀመሪያው ይመረጡ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበራትም እንደዚሁ። ትምህርት ቤት ላይ ደግሞ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር አንድ ላይ የሚሳተፉበት ኅብረት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ የሚሰበስበው ገንዘብ ለምን እንደዋለ መጠየቂያው ቦታ እሱ ነው።

ኮምፒውተርም ኦዲት ይደረጋል ወይ?

ይደረጋል፤ መደረግም አለበት። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣውን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚረሳ ቆጣቢ የለም። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው። ሰው ተደሰተ፣ እልል አለ። ከቀናት በኋላ ዕጣው ተሰረዘ፤ ወደ ሲስተሙ የገባው መረጃ ለዕጣ ብቁ ያልነበሩ በጣም ብዙ ሰዎችን እንደያዘ የከተማው አስተዳደር አስታወቀ። ወራት ቆይቶ ዕጣው እንደገና ወጣ።

እዚህ ላይ የሚመረመር ደረሰኝ የለም። የሚመረመረው ስሙን ማን አስገባ፣ ማን መለወጥ ይችላል፣ የተለወጠው በየትኛው ሰዓት እንደተለወጠ ሲስተሙ ይመዘግባል ወይ የሚለው ነው። ምርመራው ከዕጣው በፊት መሆን አለበት። አገልግሎቶች ወደ ኦንላይን እየገቡ ስለሆነ ይህ ዓይነቱ ኦዲት ከዓመት ዓመት የበለጠ ያስፈልገናል።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ለምን ያው ችግር በዓመቱ ይደገማል?

የኦዲት ሪፖርቶችን ለተከታተለ ሰው የሚያሳዝነው ይህ ነው። አንዳንዱ ግኝት ባለፈው ዓመትም ነበር፤ ካቻምናም ነበር።

በሥርዓቱ ቢሆን እንዲህ ነው የሚሄደው። መሥሪያ ቤቱ ግኝቱን ተቀብሎ የድርጊት መርሐ ግብር ያወጣል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያስተካክል ይጽፋል። ኦዲተሩ ተመልሶ መስተካከሉን ያያል፤ ይህ ክትትል ኦዲት ይባላል። ምክር ቤቱ ደግሞ ኃላፊውን ጠርቶ ይጠይቃል። በፌዴራል ደረጃ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ከዋና ኦዲተሩ ፊት አስቀምጦ በይፋ ሲጠይቅ በቴሌቪዥን አይተናል። ጥሩ አሠራር ነው። ኃላፊው መልሱን ለኦዲተሩ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ እየሰጠ ነውና።

ሰንሰለቱ የሚላላው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የተፈጠረበት ኃላፊ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ አዲሱ "እኔ ሳልመጣ የተፈጸመ ነው" ይላል። መርሐ ግብሩ ተጽፎ ቀን አይቀመጥበትም። ምክር ቤት ውስጥ የሚጠይቅ አባል ከጠፋ ደግሞ ሪፖርቱ ተነቦ፣ ተጨብጭቦለት ያልፋል። ወረዳ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይበልጥ ይሳሳል። የወረዳ ምክር ቤት አባላት አብረውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ስንቶቻችን ስማቸውን እናውቃለን? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ማንሳት እንደሚችልም ይደነግጋል። ተወካዩን የማያውቅ ሰው ይህን መብት ሊጠቀምበት አይችልም።

ነዋሪው ምን ማየት፣ ምን መጠየቅ ይችላል?

ብዙው ነገር ግድግዳ ላይ ነው። የመንግሥት ቢሮዎች የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰነድ አላቸው። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ ይዘረዝራል። "ነገ ተመለስ" ስትባሉ ቻርተሩ ስንት ቀን እንደሚል አንብቡ። የወረዳ በጀት በሰሌዳ እንዲለጠፍም የተለመደ አሠራር አለ። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ገብቶ መጠየቅ ይቻላል።

ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በብዙ ወረዳዎች የተሞከረ የማኅበራዊ ተጠያቂነት አሠራርም አለ። ነዋሪዎች ለብቻቸው ተሰብስበው ለጤና ጣቢያው ወይም ለትምህርት ቤቱ ነጥብ ይሰጣሉ። ሠራተኞቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው ነጥባቸውን ያነጻጽራሉ፣ የሚስተካከለውን ይስማማሉ። ኦዲተሩ የማያየውን ነገር ያወጣል፤ ለምሳሌ ካርድ ክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ነርሷ እናቶችን እንዴት እንደምታናግር። ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ፣ ግን አገልግሎት ማለት ራሱ የሆነ ነገር ነው።

በደል ደርሶብናል የሚሉ ሰዎች ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለላቸው። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሞ በኋላ የተሻሻለ ሲሆን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ኦዲተሩ ገንዘብንና አሠራርን ሲያይ፣ እንባ ጠባቂው በሰው ላይ የደረሰ የአስተዳደር በደልን ያያል። አቤቱታ ማቅረቢያው ነጻ ነው፤ በቃልም ይቀበላል። ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም።

መረጃ ስትፈልጉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተመኩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ በሕግ የተከለከሉ ጥቂት ዓይነቶች ሲቀሩ። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ነው። መልስ መስጫው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ምክንያት ካለው ሊያራዝም ይችላል። ከተከለከላችሁ ወይም ዝም ከተባላችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ ይቀርባል፤ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ እንባ ጠባቂ ይሄዳል፤ የዚህን አዋጅ አፈጻጸም የሚከታተለው እሱ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። "ስለ ሰፈራችን መንገድ መረጃ ይሰጠን" ብሎ መጻፍ ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱም እንደ ጥያቄው ድፍን ይሆናል። የሥራውን ስም፣ ቦታውን፣ የበጀት ዓመቱን ጥቀሱ። የተመደበውን ብር፣ እስካሁን የተከፈለውን፣ የተቋራጩን ስም፣ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን፣ በሥራው ላይ ኦዲት ተደርጎ ከሆነ ግኝቱንና መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን መልስ ጠይቁ። በብዙ ነዋሪ ስምና ፊርማ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ የገባበትን ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ያዙ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።